ለወጣት የጤና ባለሙያዎች፦ ስለ ጤና አዳምና ስለ ሕፃናት ተቅማጥ

ልጆቼ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ወጣት «ሕፃኗን ያስቀመጠባት እናት ጤና አዳም ልስጠው ወይ ብትለኝ ምን ልመልስላት?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። በእኛ ዘመን ባለሙያው እንዲህ ያለችውን እናት መቆጣት ይቀናው ነበር። የተቆጧት እናት ግን ቅጠሉን አትተውም፤ መስጠቷን ትደብቃለች። ከዚያ ወዲያ ሕፃኑ ምን ያህል እንደወሰደ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ በእርጋታ ጠይቁ፦ ቅጠሉ እርጥብ ነው ደረቅ? ስንት ዘለላ? በምን ውሃ? መቼ ተሰጠ? እንደ ልማዱ እርጥቡ ቅጠል ይወቀጣል፤ ውሃ ጠብ ተደርጎበት በጨርቅ ይጨመቃል፤ ጭማቂው በማንኪያ ይሰጣል። መለኪያ የለውም። ለጋው ቅጠልና ያረጀው፣ የጓሮውና የገበያው ኃይላቸው አንድ አይደለም። ውሃው ካልፈላ ሌላ ተቅማጥ ይጨምራል። ጭማቂው ገላው ላይ ፈስሶ ፀሐይ ካገኘው ቆዳው ውሃ ይቋጥራል። ለነፍሰ ጡርም ማስወረድ ስለሚችል አደገኛ ነው። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ከጡት ወተት፣ ከኦአርኤስ (ተቅማጥ ያወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ የሚበጠበጥ ዱቄት) እና ከታዘዘ መድኃኒት በቀር ምንም እንዳይሰጥ ንገሯት።

ሕፃኑን የሚገድለው ግን ብዙውን ጊዜ የሰውነቱ ውሃ ማለቁ ነው። ቅጠሉ እስኪሠራ ሲጠበቅ፣ አንዳንዴም «ተቅማጡን ያባብሰዋል» ተብሎ ውሃ ሲከለከል ሰዓቱ ያልፋል። እርግብግቢቱ ከሰረጎደ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው ወይም የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ከ2 ሰከንድ በላይ ከቆየ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ተቅማጡ ውስጥ ደም ከታየም እንዲሁ።

ኦአርኤስ ስትሰጡ ከረጢቱን ብቻ አታቀብሉ። ሙሉው ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው የሚበጠበጠው። ግማሹን በብርጭቆ የበጠበጠች እናት መጠኑን ስለማትይዝ ጨዉ ሊበዛ ይችላል፤ የበዛ ጨው ደግሞ ልጁን ይጎዳል። ከ2 ዓመት በታች ላለው ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ይሰጠው። ካስታወከ 10 ደቂቃ ጠብቃ ቀስ እያለች ትቀጥል። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ዚንክም ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፦ ከስድስት ወር በታች 10፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊ ግራም በቀን። ተቅማጡ ሲቆም ዚንኩን የምታቆም እናት ብዙ ናት። ጡት ማጥባቱም አይቋረጥ።

እንዲህ ስል ቅጠሉን የናቅሁ አይምሰላችሁ። ዳማ ከሴ ምች የመታውን አዋቂ አፍንጫ ሲከፍት ማንም አይከራከረኝም። የዛሬ ወጣት ቲክቶክ ላይ ያየውን ድብልቅ ወዲያው ያምናል፤ የአያቱን መድኃኒት ለመመዝገብ ግን ይታክተዋል። ያ ያናድደኛል። ስትመዘግቡ ግን አንዱ ስም በየአገሩ ለተለያየ ተክል ይሰጣልና ስሙን ብቻ ጽፋችሁ አትመለሱ። አበባና ፍሬ ያለውን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሐል ተጫኑት፤ ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ፤ የተቆረጠበትን ቦታ፣ ቀኑንና የአካባቢ ስሙን ጻፉበት። ከዚያ አራት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በቀድሞው ሳይንስ ፋኩልቲ፣ ወዳለው ብሔራዊ ሐርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ወደሚቀመጥበት ቦታ) ይዛችሁት ሂዱ።