ጥያቄና መልስ፦ ድረ ገጻችን በጉግል ለምን አይገኝም?

ዛሬ ማታ ስለ ድረ ገጽና ስለ ፍለጋ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ስትጠይቁ ድረ ገጻችሁ የምን እንደሆነ፣ በምን ቋንቋ እንደተጻፈና እስካሁን ምን እንደሞከራችሁ ግለጹ። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ፦ ሊንክ፣ ማለትም ከሌላ ድረ ገጽ ወደ እናንተ የሚመራ ማገናኛ፣ አትግዙ።

የመጻሕፍት መደብር ባለቤት፣ አዲስ አበባ፦ ድረ ገጼ በዎርድፕረስ የተሠራ ነው። ወራት አልፈውታል፤ የመደብሩን ስም ጽፌ ብፈልግ እንኳን አይወጣም።

መልስ፦ እህቴ፣ በስሙ ተፈልጎ ካልወጣ ጉዳዩ የደረጃ (በውጤቱ ስንተኛ ሆኖ የመውጣት) አይደለም፤ ገጹ ጉግል ማውጫ ውስጥ ሳይገባ አልቀረም። በዎርድፕረስ ቅንብሮች ውስጥ ስለ ንባብ የሚለውን ክፍል ይክፈቱ። የፍለጋ ሞተሮች ድረ ገጹን እንዳይመዘግቡ የሚጠይቅ አንድ ሳጥን አለ። ባለሙያው በሥራ ላይ ሳለ ምልክት ያደርግበትና ሲያስረክብ ማንሣቱን ይረሳዋል። ምልክቱን ያንሡ፤ ከዚያም ሰርች ኮንሶል በተባለው የጉግል የድረ ገጽ ባለቤቶች መሣሪያ የገጹን አድራሻ አስገብተው እንዲመዘገብ ይጠይቁ። ይህ አገልግሎት በነጻ የሚሰጥ ነው፤ «ጉግል ላይ አስመዘግብልሻለሁ» ለሚል ሰው አንድ ብር አይክፈሉ።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ጉግል ላይ አንደኛ ለመውጣት ምን ላድርግ?

መልስ፦ በየትኛው ቃል ሲፈለግ? ሥራህ ምንድን ነው? ይህን ሳትነግረኝ ልመልስልህ አልችልም።

የቀድሞ መጽሔት አዘጋጅ፦ የብዙ ዓመት ጽሑፎቻችንን ድረ ገጽ ላይ አውጥተናል። ግማሹ የገጾቹ ፎቶ፣ ግማሹ ፒዲኤፍ ነው። ፈልጎ የሚያገኛቸው ሰው የለም።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የአማርኛ ድረ ገጾች ትልቁ በሽታ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የግእዝ ፊደል የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር የጋራ ቁጥር የሚያገኙበት ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የተጠቀምንባቸው ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ቦታ ይዘው በላያቸው የፊደላችንን ቅርጽ ይስሉ ነበር። ለዓይን «ሰላም» የሚለው ቃል በኮምፒውተሩ ውስጥ የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ድብልቅ ነው። የፍለጋ ሞተር የሚያነበው ደግሞ ያንን ድብልቅ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ከፒዲኤፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ገልብጠው በስልክዎ የመልእክት ሳጥን ላይ ይለጥፉት። አማርኛው እንዳለ ከመጣ ደኅና ነው። ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ከመጣ፣ ወይም ጭራሽ መገልበጥ ካልተቻለ፣ ጽሑፉ እንደገና መተየብ ወይም ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። ብዙ ከሆነ አንባቢ አዘውትሮ ከሚጠይቃቸው ጽሑፎች ይጀምሩ፤ ለእያንዳንዱም የራሱን ገጽና የራሱን ርዕስ ይስጡት። የደከማችሁበት ሥራ ተሰውሮ እንዲቀር አትፍቀዱ።

ሌላ አባል፦ ጉግል ከፎቶ ላይም ጽሑፍ ማንበብ ይችላል እኮ።

መልስ፦ ይሞክራል። የደበዘዘ የጋዜጣ ገጽ ላይ «ሰ»ንና «ስ»ን ይለይልኛል ብለህ የዓመታት ሥራህን አደራ ትሰጠዋለህ? እኔ አልሰጥም።

ነጋዴ፣ መርካቶ፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ደንበኛ ያለው ቴሌግራም ላይ ነው።

የምግብ ቤት ባለቤት፣ ዋሽንግተን አካባቢ፦ ቴሌግራም ላይ የሚከታተልህ አስቀድሞ የሚያውቅህ ነው። ለእኔ አዲስ ሰው የሚመጣልኝ በጉግል ካርታ ነው።

ነጋዴ፣ መርካቶ፦ የእርስዎና የእኛ ገበያ አንድ አይደለም። እዚህ ዕቃውን በቻናል አይቶ ይደውላል።

መልስ፦ ሁለታችሁም ስለየራሳችሁ ደንበኛ ልክ ናችሁ፤ ከርዕሳችን ግን ወጣችሁ። የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ የምግብ ዝርዝሩን በፎቶ ብቻ አይለጥፉ። ክትፎውንም ሽሮውንም በጽሑፍ ያስፍሩት።

አስጎብኚ፣ ባሕር ዳር፦ አንድ ድርጅት በጥቅል ብዙ ሊንክ ልሽጥልህ ብሎኛል። ዋጋው አያስከፋም።

መልስ፦ ከላይ ተናግሬያለሁ፤ አትግዛ። ጄሲፔኒ የተባለው ትልቁ የአሜሪካ ሱቅ በ2011 በተገዙ ሊንኮች ምክንያት ከፊት መስመር ወደ ኋላ ተወርውሯል። በ2012 ደግሞ ፔንግዊን የተባለው የጉግል ለውጥ በዚህ መንገድ የወጡትን ብዙዎች አወረደ። ስለ ጣና ገዳማት የጀልባ ጉዞ ከአንተ የተሻለ ማን ያውቃል? መነሻ ሰዓቱን፣ ሴቶች የማይገቡባቸውን ገዳማት፣ ዋጋውን ጻፍ። ሊንኩ በራሱ ይመጣል።

ጠያቂ፦ የቁልፍ ቃላት ሜታ ታግ ላይ ስንት ቃል ልሙላ?

መልስ፦ ምንም። ጉግል ይህን በገጹ ኮድ ውስጥ የሚጻፍ የቃላት ዝርዝር ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 ተናግሯል።

ጠያቂ፦ አንደኛ ለመውጣት ዋናው ምስጢር ምንድን ነው?

መልስ፦ ይህ ተጠይቋል። ከላይ ያለውን አንብብ።

መምህርት፣ ደሴ፦ ተማሪዎቼ «መጽሐፍ»ን «መፅሐፍ»፣ «መጽሃፍ»፣ «መፅሀፍ» እያሉ ይጽፋሉ። ለድረ ገጽ የቱን ልጠቀም?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ርዕሱን በትክክለኛው አጻጻፍ ይጻፉ፤ የፍለጋ ሞተሩ ግን ሁሉንም እንደ አንድ ቃል ይቆጥራል ብለው አይተማመኑ። የሰርች ኮንሶል የአፈጻጸም ሪፖርት ሰዎች የተየቡትን ቃል ያሳያል። አንዱ አጻጻፍ ደጋግሞ ከመጣ በመግለጫው ውስጥ አንድ ቦታ ያስገቡት። ሁሉንም ደርድሮ በነጭ ላይ በነጭ ቀለም መደበቅ ግን ክልክል ነው፤ ያስቀጣልም።

የገጹ አድራሻም አለ። አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ አድራሻው ሲገለበጥ እያንዳንዱ ባይት በሦስት ምልክት ይተካል። ባለ አራት ፊደሉ «መጽሐፍ» 36 ምልክት ይሆናል ማለት ነው። ጉግል አይቸገርበትም፤ በመልእክት የደረሰው ሰው ግን አጭበርባሪ የላከው ይመስለውና አይነካውም። ስለዚህ አድራሻውን አጭር በሆነ የላቲን ፊደል፣ ርዕሱንና ጽሑፉን በአማርኛ ያድርጉ።

ጠያቂ፦ በሰው ሠራሽ አስተውሎት በአንድ ሌሊት መቶ ገጽ ባወጣስ?

መልስ፦ ጉግል ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ለደረጃ ሲባል በገፍ የሚመረተውን ይዘት በግልጽ ከልክሏል፤ በማሽን ቢጻፍም በሰው ቢጻፍም። አንብበህ ያላረምከውን አታውጣ።

ጠያቂ፦ ዶሜይን (የድረ ገጼን የአድራሻ ስም) ልቀይር ነው። የድሮውን ልዝጋው?

መልስ፦ አትዝጋው። እያንዳንዱን የድሮ ገጽ በ301፣ ማለትም «ገጹ ለዘለቄታው ተዛውሯል» በሚለው ማዘዋወሪያ፣ ወደ አቻው አዲስ ገጽ አዘዋውር፤ ሁሉንም ወደ መነሻ ገጽ አትላክ። ማዘዋወሪያውን ቢያንስ አንድ ዓመት አቆየው። የድሮውን ዶሜይን ክፍያ ከዚያም በኋላ አታቋርጥ፤ ሌላ ሰው ገዝቶ በስምህ ቁማር ሊያስተዋውቅበት ይችላል።