ስለ ሒሳብ ጥናት ጠይቁኝ፦ 14 ዓመት በየቤቱ አስጠንቻለሁ

አዲስ አበባ ውስጥ 14 ዓመት በየቤቱ እየዞርኩ ሒሳብ አስጠንቻለሁ፤ ከ3ኛ እስከ 12ኛ ክፍል። ዛሬ ማታ ጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር፦ የቤት ሥራ የሚሠራላችሁ ሰው አትቅጠሩ።

የ7ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦ መምህር፣ ልጄ እስከ 5ኛ ክፍል ጎበዝ ነበር። አሁን ሒሳብ ሲባል ያለቅሳል። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ከ7ኛ ክፍል መጽሐፍ አይጀምሩ፣ እህቴ። ወረቀት ይስጡትና ሁለት ነገር ይጠይቁት። 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው? ከ0.3 እና ከ0.25 የቱ ይበልጣል?

አዲስ ልጅ ስይዝ የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ይኸው ነው። ብዙዎቹ ለመጀመሪያው 2/5 ይሉኛል። ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምረው ነው። አልቆጣም። «ግማሽ እንጀራ ይዘህ እናትህ ሲሶ ጨመረችልህ። አሁን የያዝከው ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» እላለሁ። «ይበልጣል።» «2/5ስ?» ዝም ይላል። ከዚያ እንጀራውን ወረቀት ላይ ይስልና ስድስት ቦታ ይከፍለዋል። ግማሹ ሦስት ቁራጭ፣ ሲሶው ሁለት ቁራጭ። 5/6 ሆነ። የጋራ ታህት (የጋራ ታችኛ ቁጥር) የሚባለው ይኸው ስድስቱ ነው።

ሁለተኛው ላይ «25 ከ3 ስለሚበልጥ 0.25 ይበልጣል» ካለ፣ በብር ይንገሩት። 30 ሳንቲምና 25 ሳንቲም ማለት ነው።

ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ ፐርሰንትም፣ ሬሾም፣ እኩልታም ይከብደዋል። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ወደ 4ኛና 5ኛ ክፍል ይመለስ። ጊዜው የባከነ ይመስልዎታል፤ አልባከነም።

አባት፦ በሰዓት ስንት ይከፈላል?

መልስ፦ እንደ ሰፈሩና እንደ ክፍሉ ይለያያል። ከመስማማትዎ በፊት አንድ ቀን ሲያስተምር አጠገቡ ቁጭ ብለው ይዩት።

አንድ አባል፦ ይቅርታ፣ ሲሶ፣ ታህት እያሉ ማስተማር ልጁን ይጎዳዋል። 9ኛ ክፍል ሲገባ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው።

ሌላ አባል፦ እኔ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት። የጋራ ታህት ለምን እንደሚፈለግ ግን ዛሬ ገባኝ።

አንድ አባል፦ ፈተናው ግን በአማርኛ አይመጣም!

ሌላ አባል፦ ያልገባውን በየትኛው ቋንቋ ይፈተናል ታዲያ?

መልስ፦ ወገኖች፣ ወደ ሒሳቡ እንመለስ። ሐሳቡን አፉን በፈታበት ቋንቋ ይረዳ፤ የእንግሊዝኛውን ቃል እዚያው ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ሁለቱም በአንድ ቀን ይሆናል።

አባት ከሪያድ፦ ለልጆቼ አስጠኚ በየወሩ ገንዘብ እልካለሁ። መማራቸውን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በቪዲዮ ይደውሉና አንድ የሠራውን ጥያቄ ያስረዳዎት። «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ይበሉት። «ቲቸር እንዲህ አድርግ ስላለኝ» ካለ አልገባውም። ደብተሩ ላይ ስርዝ ድልዝ የሌለበት፣ ሁሉም ራይት የሆነ ከሆነም ይጠርጥሩ። የሚማር ልጅ ይሳሳታል። ደግሜ እላለሁ፣ የቤት ሥራ ሠሪ አትቅጠሩ።

እናት፦ ልጄ ሒሳብ አይገባትም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስንተኛ ክፍል ናት? ምኑ ነው ያልገባት? በዚህ መልክ ስትጠይቁ ምንም ልመልስ አልችልም። እባካችሁ ከላይ የጻፍኩትን አንብቡ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ መምህር፣ ፈተና ሦስት ወር ቀረኝ። የድሮ ፈተናዎችን መልስ ልሸምድድ?

መልስ፦ አትሸምድድ! ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሰ፤ አሁንም ትንሽ ነው። መልስ የያዘ ልጅ ቁጥሩ ሲቀየር ይጠፋበታል። ሰዓት ይዘህ አንድ ፈተና ለብቻህ ሥራ። የሳትከውን በየምዕራፉ ለይ። ብዙ የሳትክበትን ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ጀምረህ ሥራው። በሳምንቱ ያንኑ ፈተና ድገመው።

አንድ አባል፦ ለፊዚክስስ?

መልስ፦ ፊዚክስ የሚያስጠና ይጠይቁ።

የ7ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦ መምህር፣ አሁን ጠየቅሁት። 2/5 አለኝ።

መልስ፦ አይቆጡት። ወረቀትና እርሳስ ይስጡት፤ እንጀራውን ራሱ ይሳለው።