ስለ ፕሼሚስሎች ጠይቁኝ፦ ከሞፈር እስከ ዘውድ

ቼኮችን ከ9ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 1306 ስለገዙት ፕሼሚስሎች ያላችሁን ጥያቄ አምጡ። ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሌላው፣ ኮስማስ የሚባለው የፕራግ ካህን የመሥራቻቸውን አፈ ታሪክ የጻፈው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። «ኮስማስ እንዲህ ብሏል» ብላችሁ እንደ ማስረጃ አታምጡብኝ።

የቡና ሱሰኛ፦ መሥራቹ የእውነት ገበሬ ነበር?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። በአፈ ታሪኩ ሊቡሼ የምትባል ዳኛ ነበረች። በድንበር የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች ፊቷ ቆሙ፤ የተረታው «ሴት ትዳኘን?» ብሎ ሰደባት። እሷም «ወንድ ገዥ ከፈለጋችሁ እንግዲህ ፈረሴን ተከተሉ፣ የሚያገኘውን ሰው አገባለሁ» አለች። ፈረሱ መልእክተኞቹን ስታዲትሴ መንደር አደረሳቸው። እዚያ ፕሼሚስል፣ መሥራቹ ማለት ነው፣ በሬዎቹን ጠምዶ ያርሳል። ሲፈታቸው ከዓይን ተሰወሩ። መንጃ ዱላውን መሬት ላይ ቢተክለው ሦስት ቅርንጫፍ አወጣ። እሱ ግን ከቦርሳው የሻገተ ዳቦና አይብ አውጥቶ «ኑ ብሉ» ይላል! እየበሉ ሳለ ሁለቱ ቅርንጫፎች ደረቁ፣ አንዱ አደገ። ብዙ ጌቶች ይወለዳሉ፣ የሚገዛው ግን አንዱ ነው ብሎ ፈታው።

እኔን የሚይዘኝ ግን ጫማው ነው። የልዑል ልብስ አልብሰውት እንኳን የልጥ ጫማውን አልጥልም አለ። ከዛፍ ልጥ የተፈተለ፣ የድሃ ጫማ። ልጆቻችን ከየት እንደመጡ ይወቁ፣ እንዳይኮሩ አለ። ኮስማስ ጫማው በሱ ዘመን ቪሼህራድ ኮረብታ ላይ፣ በመስፍኑ ግምጃ ቤት እንደሚቀመጥ ይናገራል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የቼኮች ንጉሥ ቻርልስ 4ኛ የንግሥና ሥርዓት ሲያወጣ፣ አዲሱ ንጉሥ በዋዜማው ቪሼህራድ ሄዶ ያን ጫማና ቦርሳ እንዲያይ አደረገ። ነገ ዘውድ የሚጭን ሰው ዛሬ ማታ የገበሬ ጫማ ፊት ይቆማል። ሰውዬው ኖረም አልኖረም፣ ጫማው ሥራውን ሠርቷል።

ሰብለ፦ «ፕራግ» ማለት የቤት ደፍ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ፕራግ ነዋሪ፦ አዎ፣ አስጎብኚዎቹ እንደዛ ነው የሚሉት። ሊቡሼ «ደፍ የሚጠርብ ሰው ታገኛላችሁ፣ እዚያ ከተማ ሥሩ» ብላ ነው።

ታዛቢ፦ አስጎብኚ ምን ያውቃል? በወንዙ ውስጥ ካለው ድንጋያማ መሻገሪያ ነው የመጣው።

ፕራግ ነዋሪ፦ እኔ እዚህ ስኖር ስንት ዓመቴ!

መልስ፦ እዚያ መኖርማ ማስረጃ አይሆንም። የደፉ ታሪክ አፈ ታሪክ ነው፣ የኮስማስ። ስለ ኮስማስ ከላይ ብያለሁ። ቀጥሉ።

ታዛቢ፦ በገና መዝሙሩ ያለው «ንጉሥ ቬንሰስላስ» ከነሱ ነው?

መልስ፦ ከነሱ ነው፣ ንጉሥ ግን አልነበረም። መስፍን ነው። ቼኮች ቫጽላቭ ይሉታል። መዝሙሩ በ1853 እንግሊዝ የወጣ ነው። አያቱ ሉድሚላ በ921 ቴቲን ላይ ታንቃ ተገደለች። እሱን ደግሞ የወንድሙ የቦሌስላቭ ሰዎች ስታራ ቦሌስላቭ ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ገደሉት።

ሰብለ፦ በ929 አይደል?

የቡና ሱሰኛ፦ 935 ነው እንጂ!

መልስ፦ ዛሬ አብዛኛው የታሪክ ሰው 935 ይላል። ቀኑ 28 ሴፕቴምበር ነው፣ ቼኮች እስካሁን ያከብሩታል። ወንድሙን ያስገደለው ሰው ደግሞ መንግሥቱን ያጠናከረው፣ የመጀመሪያውን የቼክ ሳንቲም ያስመታው እሱ ነው። አይመችም፣ ግን ሆኗል።

አዲስ ገቢ፦ ስለ ፕሼሚስሎች ባጭሩ ንገረን።

መልስ፦ የ400 ዓመት ታሪክ ባጭሩ? ወንድሜ፣ ይሄ ጥያቄ አይደለም።

የቡና ሱሰኛ፦ ታዲያ ንጉሥ የሆኑት መቼ ነው?

መልስ፦ ቭራቲስላቭ በ1085፣ ለራሱ ብቻ። ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ንግሥና በ1212 «ወርቃማው ደብዳቤ» በሚባለው ባለ ወርቅ ማኅተም ሰነድ ተረጋገጠ።

ታዛቢ፦ ኦቶካር 2ኛስ? ጦርነቱን ተርክልን።

መልስ፦ የጦርነት ሰው አይደለሁም። ለሠራዊቱ ብረት፣ ለሀብቱ ወርቅ እያሉ «የብረትና የወርቅ ንጉሥ» ይሉታል። ግዛቱ እስከ አድሪያቲክ ባሕር ደርሶ ነበር። ኦገስት 26፣ 1278 (በእነሱ አቆጣጠር፣ ብያለሁ!) ከጀርመኑ ንጉሥ ከሀብስበርጉ ሩዶልፍ ጋር ተዋግቶ ሞተ።

ሰብለ፦ ማን ጨረሳቸው?

መልስ፦ አይታወቅም። የመጨረሻው፣ ቫጽላቭ 3ኛ፣ በኦገስት 1306 ኦሎሞውትስ ላይ በስለት ተወግቶ ሞተ። 16 ዓመቱ ነበር፣ ልጅም አልነበረውም። ገዳዩ ነው የተባለው ወታደር ሳይመረመር እዚያው ተገደለ። የወንዱ ዘር ተቋረጠ፤ እህቱ ኤሊሽካ የሉክሰምበርጉን ዮሐንስ አግብታ ቻርልስ 4ኛን ወለደች። ያ ጫማውን ያስከበረው ሰው ማለት ነው።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ የመዝሙሩ ንጉሥ በ1306 የሞተው ነው?

መልስ፦ ንጉሥ አይደለም። ወደ ላይ ተመለስና አንብብ።