ጥልቅና ፈጣን ውሃ ላይ የፕላስቲክ ትል፦ የፖቶማክ ጥያቄዎቻችሁ

ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ አጥማጆች የላካችሁልኝ ጥያቄ ብዙ ነው። አብዛኛው ግን አንድ ችግር ላይ ያርፋል፦ ውሃው ሲጠልቅና ሲፈጥን መንጠቆ ላይ የምንሰካው የፕላስቲክ ትል ታች አይደርስም። የምናገረው ከከተማው በላይ ስላለው፣ ስሞልማውዝ ባስ የሚባለው ዓሣ ስለሚገኝበት የፖቶማክ ወንዝ ክፍል ነው።

ጥያቄ፦ ትሌን ወለል ሳይነካ ውሃው ይወስደዋል። ምን ያህል የእርሳስ ክብደት ልጨምር?

መልስ፦ መጀመሪያ የምትወረውርበትን አቅጣጫ ቀይር። ብዙ ሰው ወንዙን አቋርጦ ፊት ለፊት ይወረውራል። ያኔ የውሃው ግፊት ክሩን እንደ ቀስት ይለጥጠውና ትሉን ከወለል ያነሳዋል። አንተ ውሃው ወደሚመጣበት፣ ወደ ላይ ጣል። ትሉ ወደ አንተ እየመጣ ለመስመጥ ጊዜ ያገኛል። የላላውን ክር ብቻ ጠቅልል። እንዲያም ሆኖ ካልነካ ክብደት ጨምር። እኔ በ3/8 አውንስ፣ ማለትም በ10 ግራም ገደማ እጀምራለሁ። ግፊቱ ሲበረታ ወደ 1/2፣ ከዚያ ወደ 3/4 እሄዳለሁ። ትክክለኛው ክብደት ወለሉን ነካ ነካ እያደረገ የሚጓዘው ነው። አንድ ቦታ ድርቅ ካለ በዝቷል፣ ድንጋይ መሃል ይሰነቀራል።

ጥያቄ፦ ከክብደትና ከመንጠቆ አስተሳሰር (ሪግ) ቴክሳስ ሪግ ይሻላል ወይስ ካሮላይና?

መልስ፦ ድንጋይ በበዛበት ቴክሳስ፣ ያለ ጥርጥር። የጥይት ቅርጽ ያለውን ክብደት ክሩ ላይ አስገባ፣ ከሥሩ ኦፍሴት መንጠቆ (አንገቱ ላይ እጥፋት ያለውን) እሰር። ጫፉን በትሉ አናት አስገብተህ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ወረድ ብለህ በጎን አውጣው። መንጠቆውን አዙረህ ጫፉን ገላው ውስጥ መልሰህ ደብቀው። ትሉ ቀጥ ብሎ መተኛት አለበት። ትንሽ ከጎበጠ ይሽከረከራል፣ ክርህንም ይጠመዝዘዋል። ከክብደቱ በላይ ትንሿን የጎማ ማቆሚያ አድርግ፤ አለዚያ ክብደቱና ትሉ ይለያያሉ።

ካሮላይና ለጠጠርና ለአሸዋ ወለል ነው። ክብደት፣ ዶቃ፣ ስዊቭል (ክሩ እንዳይጠመዘዝ የሚሽከረከር ማያያዣ)፣ ከዚያ መንጠቆው የሚታሰርበት አጠር ያለ ክር። ፈጣን ውሃ ላይ ከ45 ሳንቲሜትር አይለፍ።

ጥያቄ፦ ከቱንግስተን ብረት የተሠራ ክብደት ውድ ነው። ዋጋውን ያህል ይጠቅመኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ቱንግስተን ከእርሳስ በጣም ስለሚከብድ ለዚያው ክብደት መጠኑ ያንሳል፣ ውሃውም ብዙ አይገፋውም። ድንጋይ ሲነካም እጅሽ ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል። ግን እዚህ ወንዝ ድንጋዩ ብዙ ያስቀርብሻል። በእኔ ግምት ገንዘብሽን በቅድሚያ ቀጭን የተጎነጎነ ክር ላይ አውዪ። ውሃው የሚገፋው ከእርሳሱ ይልቅ ክሩን ነው። ጫፉ ላይ አንድ ሜትር ያህል ፍሎሮካርቦን የሚባለውን፣ ውሃ ውስጥ ብዙ የማይታይ ክር ቀጥይበት።

ጥያቄ፦ የትሉ መጠንና ቀለምስ?

መልስ፦ 10 ሳንቲሜትር፣ ቀጭን፣ ጅራቱ ቀጥ ያለ። ሰፊ ጅራት ግፊት ይይዝና ይነሳል። ቀለሙ አረንጓዴና ቡናማ ይሁን።

ጥያቄ፦ ዓሣው እንዲህ ባለ ግፊት ውስጥ የት ይቆማል?

መልስ፦ ከድንጋይ ጀርባና ፈጣኑ ውሃ ከዝግተኛው በሚገናኝበት መስመር ላይ። ወለሉ አጠገብ ውሃው ከላይኛው ይዘገያል። ዓሣው እዚያ አርፎ የሚመጣለትን ምግብ ይጠብቃል። ለዚህ ነው ታች መድረስ ላይ ይህን ያህል የምሟገተው። ስሞልማውዝ የዚህ ወንዝ ተወላጅ አይደለም፤ በ1854 እ.ኤ.አ. ከዊሊንግ ከተማ በባቡር ውሃ ማጠራቀሚያ ተጭኖ ከምበርላንድ በምትባለው የሜሪላንድ ከተማ የተለቀቀ ነው። ወንዙ ግን ተስማምቶታል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ቼይን ብሪጅ ድልድይ አጠገብ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ብወረውርስ?

መልስ፦ ጋሼ፣ እባክዎ አይግቡ። ላዩ ጸጥ ያለ ቢመስልም ከታች ያለው ግፊት ጎበዝ ዋናተኛ ይወስዳል። እዚያ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ሰው ሞቷል። ግሬት ፎልስ ፏፏቴ ላይማ ውሃ ውስጥ መግባት ራሱ ክልክል ነው። ከደረቅ ዳር ሆነው ይወርውሩ፣ የተንሳፋፊ ጃኬትም ይልበሱ። ከቤት ሳይወጡ ሊትል ፎልስ በሚባለው ቦታ ያለውን የውሃ ከፍታ መለኪያ በኢንተርኔት እንዲያዩልዎ ልጆችዎን ይጠይቁ። ውሃው ከፍ ብሎ ከደፈረሰ ለሌላ ቀን ያቆዩት።