የነሱ ክረምት የኛ በጋ ነው፦ ስለ ገደል ጉዞ ለላካችኋቸው ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከመጡልኝ መልእክቶች አብዛኞቹ ስለ ገደል ጉዞ ናቸው፤ ደርባ፣ ሙገር፣ ደብረ ሊባኖስ፣ አንዷማ አሜሪካ ድረስ። የቻልኩትን ልመልስ።

አያት አካባቢ የሚኖሩ አምስት ጓደኛሞች ዩቲዩብ ላይ አሜሪካ፣ ዩታ በረሃ ውስጥ በጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ በገመድ የሚወርዱ ሰዎች አይተዋል። «ለዚህ ጉዞ ክረምት ጥሩ ነው» የሚል ነገርም በትርጉም አንብበዋል። ሐምሌ ላይ ስራ ስለሚቀንስ ሙገር እንውረድ ወይ ነው ጥያቄያቸው።

በፍጹም! እባካችሁ አትሞክሩት። ይሄ የትርጉም ስህተት ነው፣ ሰው የሚገድል ስህተት። አሜሪካኖቹ ክረምት የሚሉት ታኅሣሥና ጥርን፣ ማለትም የብርዱን ወቅት ነው፤ የኛ ክረምት ግን ዝናብ ነው። እነሱም ጋ እኮ ደራሽ ጎርፍ የሚበዛው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። አሪዞና ውስጥ አንቴሎፕ ካንየን የሚባለው ስንጥቅ 11 ቱሪስት የበላው በኛ አቆጣጠር ነሐሴ 6 ቀን 1989 ነው፤ ዝናቡ የጣለው ደግሞ ቱሪስቶቹ በቆሙበት ሳይሆን ራቅ ብሎ ከላይ ነበር። ዩታ ዛየን ፓርክ ውስጥ ኪሆል በሚባለው ካንየን 7 ሰው ያለቀው መስከረም 3 ቀን 2008 ነው፣ እኛ ገና የእንቁጣጣሽ ድግስ ላይ እያለን። ስለዚህ «አዲስ ዓመት ገብቷል፣ ዝናቡ አብቅቷል» የምትሉም ካላችሁ ስሙኝ።

እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው። እዚህ ሜዳው ላይ ከሰዓት በኋላ የጣለ ዝናብ ጅረቱን ተከትሎ ወደ ሙገር ነው የሚሄደው፣ ደርባ ጋ ሲደርስ ገደሉን ይወርዳል። ታች ያለ ሰው ግን ቀና ሲል የሚያየው የሰማይ ቁራጭ ነው፣ ቁራጯ ጥርት ካለች ሰላም ይመስለዋል። እኛም መስሎን ነበር። መጋቢት ውስጥ አራት ሆነን በጠባብ የወንዝ መውረጃ ወርደን፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት እንኳን አይደርስም፣ ጫማችንን አውልቀን ድንጋይ ላይ ዳቦ እየበላን አንዱ ጓደኛችን «ውሃው ሻይ መሰለ እኮ» አለ። አየሁት፣ እውነትም ቀልቷል፣ ቀጥሎ የሳር ብጣሽና የደረቀ የከብት እበት ተንሳፍፎ መጣ። ያኔ ከላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅ በኦሮምኛ መጮህ ጀመረ፣ ቋንቋውን የሚችለው ጓደኛችን «ውጡ ነው የሚለው!» ብሎ ጎተተን፣ ጫማ የለ ቦርሳ የለ ድንጋዩን በእጅም በእግርም ወጣን። ዳቦ የበላንበት ድንጋይ ለመጥፋት አምስት ደቂቃ የፈጀበት አይመስለኝም። ያ ልጅ ባይኖር ዛሬ ይሄን አልጽፍም።

ስለዚህ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ሂዱ። ከየካቲት ጀምሮ የበልግ ዝናብ አለ፣ አትመኑት። በበጋም ቢሆን ከመውረዳችሁ በፊት እዚያው ያለ እረኛ ወይ ገበሬ «ትናንት ከላይ ዘንቧል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ስልክ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ አፕ የከተማውን እንጂ የዚያን ጅረት ራስጌ አይነግራችሁም። ውሃው ቀለም ከቀየረ፣ ቅጠልና ጭራሮ ከመጣ፣ ወይ የመኪና ዓይነት ጉምጉምታ ከሰማችሁ፣ ፎቶ ሳትሉ፣ ዕቃ ሳትሰበስቡ ወደ ላይ። ወደ ታች ሮጦ ጎርፍ ያመለጠ አላውቅም።

«ምን ዓይነት ጫማ ላድርግ?» ሶሉ ያላለቀ፣ እግር ላይ የሚታሰር፤ አዲስ ከሆነ ሳምንት ሰፈር ውስጥ አድርገሽው ክረሚ።

አንዱ ደግሞ መርካቶ የጭነት መኪና ገመድ በርካሽ አግኝቻለሁ፣ ወፍራም ነው፣ ለስድስት ሰው ይበቃል ይላል።

ወንድሜ፣ ያ ገመድ ጤፍ ይሰር። ውፍረት ጥንካሬ አይደለም፤ ስንት ኪሎ እንደሚችል አታውቅም፣ የድንጋይ ጠርዝ ሲፈጭው ይበጠሳል፣ ፕላስቲክ ከሆነማ ስትወርድ በሚፈጠረው ሙቀት ይቀልጣል። ለሰው የተሰራ ገመድ፣ ሃርነስ (ወገብና ጭን ላይ ታስሮ ከገመዱ ጋር የሚያያዝ ቀበቶ) እና ሄልሜት ያስፈልጋል፣ ከዚያ በላይ ግን የሰለጠነ ሰው አጠገብህ ቆሞ ደጋግሞ ሊያሳይህ ይገባል። እዚህ ላይ አልለሳለስም፤ ከቪዲዮ የተማረ ሰው ጓደኞቹን ገመድ ላይ አይስቀል። አንዴ ወርዳችሁ ገመዱን ከታች ከሳባችሁት በኋላ ደግሞ በመጣችሁበት መመለስ የለም። የአካባቢው ሰው አህያ ጭኖ የሚወጣበት መንገድ እያለ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን አስቸኮላችሁ?

ለገና ላስ ቬጋስ እህቷ ጋ የምትሄድ አንባቢ፣ የእህቷ ጓደኞች ካንየን ይዘናት እንሄዳለን ብለዋት ብርዱን ፈርታለች።

ሂጂ፣ ወቅቱ ትክክል ነው፣ ፍርሃትሽም ትክክል ነው። ስንጥቁ ጠባብ ስለሆነ ፀሐይ ታች አትደርስም፣ ተጠራቅሞ የቀረው ውሃ እንደ በረዶ ቀዝቃዛ ነው፣ አንዳንዱ ጉድጓድ ግድግዳው ልሙጥ ስለሆነ ጓደኛ ከታች ካልገፋሽ አትወጪም። ውሃ ያለበት ከሆነ ዌትሱት (ውሃ ውስጥ ሙቀት የሚጠብቅ ገላ ላይ የሚጣበቅ ልብስ) ሳይሰጡሽ እንዳትገቢ። ጂንስና የጥጥ ሹራብ እቤት ይቅር፣ ጥጥ ከረጠበ ሙቀትሽን ይወስዳል። ታኅሣሥ ላይ እዚያ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ስለሆነ በጠዋት ግቡ፣ የራስ ባትሪ ያዢ። አንድ ሰው መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ ዚፕ መዝጋት ካቃተው ጉዞው እዚያው ይቁም፣ እርጥቡን አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት፣ የሚውጥ ከሆነ ትኩስና ጣፋጭ ነገር ስጡት። መንቀጥቀጡ ቆሞ ከደነዘዘ ግን ተሻለው ማለት አይደለም፣ ባሰበት ማለት ነው፣ እርዳታ ጥሩ። ዛየን ውስጥ በገመድ ለሚወረድበት ፈቃድ ግዴታ ነው፤ አንቴሎፕ ደግሞ የናቫሆዎች መሬት ስለሆነ ያለ አስጎብኚ አይገባም።

«ለብርዱ አረቄ ብንይዝስ?» አይሆንም። የሞቃችሁ ይመስላችኋል እንጂ ደሙን ወደ ቆዳ አውጥቶ ሙቀታችሁን ያስወስዳል። ጋቢ ያዙ፣ በፌስታል ጠቅልላችሁ፣ ከውሃ ከወጣችሁ በኋላ የሚለበስ።

ጉልበቷን የሚያማት እህት፦ ሐኪምሽን ጠይቂ። እኔ የምነግርሽ መውረዱ ከመውጣቱ በላይ ጉልበት እንደሚጎዳ ነው፣ የኛ ገደል ደግሞ መጀመሪያ ወርደሽ፣ ደክሞሽ እያለ የምትወጪው ነው።

የመጨረሻው ከአንዲት እናት ነው። ልጃቸው በየሳምንቱ «ከጓደኞቼ ጋር ነኝ» ብሎ ይወጣል፣ የት እንደሆነ አይናገርም፣ ስልኩም አይሰራም።

እማማ፣ መጨነቅዎ ልክ ነው፣ ይሄን ልጅዎ ያንብበው። አሮን ራልስተን የሚባል አሜሪካዊ በ1995 ሚያዝያ ውስጥ ዩታ ብሉጆን ካንየን ብቻውን ገብቶ ቋጥኝ ቀኝ እጁን ያዘው፤ ከ5 ቀን በላይ እዚያው ቆሞ በመጨረሻ የገዛ እጁን ቆርጦ ነው የወጣው። የት እንደሚሄድ ለማንም አልተናገረም ነበር። ገደል ውስጥ ኔትወርክ የለም፣ ቴሌግራም ላይ ሎኬሽን መላክ አያድንም። ልጅዎ ከመውጣቱ በፊት በወረቀት ጽፎ ፍሪጁ ላይ ይለጥፍልዎ፦ ከማን ጋር እንደሆነ፣ በየት በኩል እንደሚወርዱ፣ መኪናው የት እንደሚቆም፣ እዚያ አካባቢ የሚያውቁት ሰው ስልክ፣ ስንት ሰዓት ላይ ወጥቶ እንደሚደውል። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ይጨልማልና እስከ አስር ሰዓት ከገደሉ ይውጣ። ማታ አንድ ሰዓት ሆኖ ካልደወለ፣ እርስዎ «ልረብሸው ይሆን» ሳይሉ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ስልክ ጋ ይደውሉ።