መልስ፦ «ከፍተኛ የአደጋ ደረጃ» ማለት ግድቡ ሊፈርስ ነው ማለት አይደለም

ጤና ይስጥልኝ። ያረጀ የመስኖ ግድብ የአደጋ ደረጃው «ከፍተኛ» ከተባለ ሊፈርስ ተቃርቧል ማለት ነው ወይ ብለው ጠይቀዋል። አይደለም፤ ደረጃው የሚለካው ግድቡ ቢፈርስ ከበታቹ ባለው ሕይወትና ንብረት ላይ በሚደርሰው ጉዳት እንጂ በግድቡ ጤንነት አይደለም። ስለዚህ ትናንት የተመረቀ፣ አንድም ስንጥቅ የሌለበት ግድብ ከሥሩ መንደር በመኖሩ ብቻ ከፍተኛ ደረጃ ሊሰጠው ይችላል። ግድቡ ሲሠራ የግጦሽ መስክ የነበረው ቦታ ዛሬ ቤት ከተሠራበትም፣ ግድቡ ምንም ሳይሆን ደረጃው ከፍ ይላል።

እኛ የባሕር ዳር ሰዎች በቅርብ የምናውቀው፣ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የታቀደው የቆጋ ግድብ የአፈር ግድብ ነው። በአፈር ግድብ ላይ እኔ ከዕድሜ ይልቅ የምፈራው የውኃ ስርገትን ነው፦ ከግርጌው የሚወጣው ውኃ ጥርት ያለ ከሆነ ብዙ ጊዜ የተለመደ ነው (መጠኑ እስካልጨመረ ድረስ)፤ ደፍርሶ ከወጣ ግን አፈሩን ከውስጥ እየሸረሸረ ሊሆን ስለሚችል ለሚመለከተው አካል ወዲያውኑ መነገር አለበት። በአሜሪካ አይዳሆ የነበረው የቲተን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1976 በውስጥ መሸርሸር ፈርሶ 11 ሰዎች ሲሞቱ፣ ያረጀ ሳይሆን ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ እየሞላ የነበረ አዲስ ግድብ ነበር።