የካፌ ደንበኛ የማን ነው?

በዚህ ሳምንት የመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ቡና ቡና ይላሉ።

ፒያሳ ላይ የተወራረዱ ሁለት ጓደኛሞች «ቶሞካ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለውኛል።

ጣልያንኛ ነው፤ «ቶሬፋሲዮኔ ሞደርና ካፌ» ከሚለው የተቆረጠ። ዘመናዊ የቡና መቁያ እንደማለት ነው። የተበላ ይክፈል።

ካዛንቺስ አካባቢ ሦስት ቅርንጫፍ ያለው ካፌ ያላቸው አንባቢ ደንበኛ አልረጋልኝ አለ ይላሉ። ዘጠኝ ማኪያቶ ለጠጣ አሥረኛው በነጻ የሚል ካርድ ሊያሳትሙ አስበዋል። የደብዳቤው ግማሽ ግን ስለ አስተናጋጆች ምሬት ነው። በየወሩ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያዘዋውሯቸዋል። ለምን? «ከደንበኛ ጋር እንዳይላመዱ።»

ጌታዬ፣ መልሱን እርስዎው ጽፈውታል!

ካርዱን ያሳትሙ፤ ክፋት የለውም። ግን ካርድ ሰውን ሒሳብ ያስለምዳል። ስታርባክስ የሚባለው የካፌ ድርጅት አሜሪካ ውስጥ ደንበኛ በመጣ ቁጥር፣ ተጠራቅሞ ነጻ ቡና የሚያስገኝ ኮከብ ይሰጥ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ኮከቡን በወጣው ገንዘብ ልክ አደረገው። አንድ ቡናውን ጠጥቶ የሚሄደው ደንበኛ አኮረፈ። ምን ያድርግ፣ መቁጠር ያስተማሩት እነሱው ናቸው።

ምስጢሩ ሶፋም አይደለም። በ1953 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የፒያሳው ቶሞካ ቡናው የሚጠጣው ቆሞ ነው። ሰው ግን ይጋፋል።

እኔ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ለዓመታት ጠጥቻለሁ። አስተናጋጇ ገና ከበር ስገባ «አንድ ጠቆር ያለ!» ብላ ታዛለች። ሳምንት ከቀረሁ «ምነው ጠፋህ?» ትለኛለች። ከእኛ ጠረጴዛ የማይጠፉ አንድ ጡረተኛ መምህር ባለቤታቸው ሲያርፉ ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ እሷን አገኘኋት። የካፌውን ባለቤት አላየሁም። በኋላ ደመወዝ ጨምሩልኝ ብትል እምቢ አሏት፤ አምባሳደር አካባቢ ሌላ ካፌ ገባች። አምስታችንም ተከተልናት።

እቤት ቡና ሲፈላ አቦሉን ብቻ ጠጥቶ የሚነሳ ጎረቤት ደስ አይልም። ቶናው፣ በረካው እስኪደርስ ወሬው ይደራል፤ የቀረ ሰው ካለ ይጠየቃል። ካፌዎ ውስጥ ይህን ሊያደርግልዎት የሚችለው አስተናጋጁ ነው። እርስዎ ደግሞ እንዳይላመድ ያዘዋውሩታል። አንድ ቦታ ያቆዩዋቸው። አስተናጋጆቹም አልፎ አልፎ እርስዎን ሳያስፈቅዱ «ይሄ በቤቱ ነው» ብለው አንድ ስኒ ይጋብዙ። ደመወዝም ይጨምሩ፤ የካርድ ማሳተሚያው ብር አለልዎት አይደል?

እኚሁ ሰው «የደንበኞችን ስልክ እየመዘገብኩ ማስታወቂያ ልላክ?» ብለዋል።

እዚህ ላይ አልቀልድም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰው ስልክ ቁጥር እንደ ስኳር መያዣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ደብተሩን ከመክፈትዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ። «የሚያውቅ ዘመድ አለኝ» እንዳይሉኝ። ጠበቃ!

ከስድስት ኪሎ፦ አራተኛው ማኪያቶ ላይ ልቤ ይደልቃል።

ሦስተኛው ላይ አቁሚያ። ካልተወሽ ሐኪም ጋ ሂጂ።

በአንድ ማኪያቶ ላፕቶፕ ዘርግቼ አራት ሰዓት ብቀመጥ ነውር ነው?

ጠዋት አይደለም። በምሳ ሰዓት ነው፤ ያውም አራት ሰው የሚያስቀምጥ ጠረጴዛ ይዘህ! ለአስተናጋጇም ቲፕ አትርሳ፤ ሶኬቱ ያለበትን ያሳየችህ እሷ ናት።